ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ዱታር

የሙዚቃ መምህሩ ኡስታዝ ኤርናዛር ማክሰኞ ጠዋት በማስተማሪያ ክፍላቸው፣ ከብረት ማሞቂያው ሥር፣ ማጅራታቸው ተፈንክቶ ሞተው ተገኙ። የአገሪቱ ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ዲን ቶሂር ሬሳው ሳይነሳ ፈረዱ፤ «አንሸራቷቸው ነው። ሰባ አራት ዓመት እኮ ነው!»

የፖሊስ መርማሪዋ ሻለቃ ሳኖባር ሬሳውን ጥቂት፣ ግድግዳውን ብዙ አየች። የሟቹ ባለሁለት ክር የሙዚቃ መሣሪያ፣ ዱታሩ፣ እዚያ ተሰቅሏል። የሐር ክሮቹ ላልተዋል፣ ክሮቹን የሚደግፈው በርኩማ ወርዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ አንገቱ ላይ ታስሯል፣ ፊቱም ወደ ግድግዳ ዞሯል።

«ማን አገኛቸው?»

«እኔ» አሉ የጽዳት ሠራተኛዋ እማማ ኦይሻ። «እስከ አራት ሰዓቱ ደወል ድረስ ሲጫወቱ እሰማ ነበር። ደወሉ ሳያበቃ ዱብ! አለ። ደረጃውን እስክወጣ አሥር ደቂቃ ፈጀሁ። ጉልበቴን ተይው፣ የኔ ልጅ።»

«ዱታሩን ነክተውታል?»

«የሳቸውን ዱታር? እጄን ይቁረጠው!»

በዚያ ሰዓት ፎቁ ላይ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሳኖባር ከዲኑ ጀመረች።

«ይህን ክፍል ባለፈው ሳምንት በሜትር አስለክተዋል አሉ።»

«ለኪቦርድ ማስተማሪያ ነው። ዘንድሮ ለዱታር አንድም ሰው አልተመዘገበም። ከመንገድ እየጎተትኩ ላምጣ? ሚኒስቴሩም እስከ ሐሙስ ሁለተኛ መምህር ካልተገኘ የዱታሩ ትምህርት ይዘጋል ብሎ ጽፏል።»

«እና ሰውየው በቁማቸው ሳሉ እርስዎ ሜትር ዘረጉባቸው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ማለት ይሄ ነው።»

ዲኑ ክራቫታቸውን ነካኩ።

የፒያኖ መምህርቷ ሌይላ ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ነው የምታስተምረው። ስለ ጩኸት ከሟቹ ጋር ሃያ ዓመት ተጣልታለች።

«አልወዳቸውም ነበር፤ ምን ልዋሽሽ። ዛሬ ጠዋት ግን ፒያኖዬን ዘግቼ አዳመጥኳቸው። እንደዚያ ሲጫወቱ ሰምቼ አላውቅም።»

ሦስተኛዋ ጉልቼህራ ናት፤ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት፣ የኡስታዙ የመጨረሻ ተማሪ። አሥራ አንድ ዓመት ሻያቸውን ቀድታለች። እዚህ አገር ኡስታዙ እጁን ዘርግቶ የምርቃት ፋቲሃ ካላደረገለት፣ ተማሪ መቶ ዲፕሎማ ቢደረድር መምህር አይባልም።

«ሁለተኛዋ መምህር አንቺ መሆን ትችዪ ነበር» አለቻት ሳኖባር። «ፋቲሃ አድርገውልሽ ነበር?»

አዎ ብትል ማንም ሊያስተባብላት አይችልም፤ ምስክሩ ሞቷል።

«አላደረጉልኝም» አለች ጉልቼህራ።

ከሰዓት በኋላ ሳኖባር ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ማሞቂያው እንደ ዳቦ ምድጃ ያቃጥላል። አባቷ በሠርግ ላይ ዱታር ተጫዋች ነበሩና በርኩማውን ራሷ አቁማ፣ ክሮቹን አክርራ ዱታሩን ይዛለች።

«ደወሉ ሲደወል ይህ እጃቸው ላይ ነበር። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ግድግዳ ላይ ተገኘ። የሞተ ሰው ዕቃ አይሰቅልም፤ ስለዚህ ከአጠገባቸው ሰው ነበረ። ያ ሰው ዱታሩን ወለሉ ላይ ጥሎት ቢሄድ ኖሮ፣ እኔም አንሸራቷቸው ነው ብዬ ምሳዬን እበላ ነበር። ለምን አነሳው? እስቲ ወደ ቦታው መልሱልኝ፤ ዲኑ ይጀምሩ።»

ዲኑ ክሩ እንደከረረ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርገው ሰቀሉት። «ይኸው፤ ምን ያስቸግራል?»

ሌይላ አውርዳ ማሞቂያው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ አስተኛችው።

ዱታሩ እዚያው ሆኖ ቀጭን ድምፅ አሰማ፤ እንጨቱ በሙቀቱ ሊሰነጠቅ ነው። ጉልቼህራ ሰማች። ሻለቃዋ ምን እንደምትጠብቅም ገብቷታል። ዝም ብላ መቆም ትችል ነበር።

ከዚያ ዱታሩን አነሳች። ክሮቹን አላላች፣ በርኩማውን አውርዳ በጨርቅ ጠቀለለች፣ አንገቱ ላይ አሰረች፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳ አዙራ ሰቀለችው።

«ጠዋትም እንዲህ፣ ከሙቀቱ ተጠብቆ ነበር» አለች ሳኖባር በቀስታ። የዚያን ዕለት በሥራዋ አልኮራችም።

«እየተጫወቱ ሳሉ ፋቲሃውን ተንበርክኬ ለመንኳቸው፣ እትዬ። ደወሉ ሲጀምር አቆሙና ‹ማንን ልታስተምሪ? የሚማር የለም። ከእኔ ጋር ይቀበር› አሉኝ። ዱታሩን ከእጃቸው ወስጄ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ ገፋኋቸው። አንዴ ብቻ። ዱታሩን ማሞቂያው ሥር ትቼው መሄድ ግን አቃተኝ።»

ሌይላ አለቀሰች። ዲኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ «እንግዲህ ሐሙስን መጠበቅም አያስፈልግም።»

«የኡስታዙን ዜማዎች ሌላ የሚያውቅ የለም?» አለች ሳኖባር።

«አርባ ሁለቱም እኔ ዘንድ ናቸው» አለች ጉልቼህራ። «ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚሰጡት፤ አይጻፉም። እስር ቤት ዱታር ያስገባሉ?»

«ክር ያለበት ዕቃ አያስገቡም፣ ልጄ።»

ጉልቼህራ ራሷን ነቀነቀች። በር ላይ ስትደርስ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«እሱንስ የት ትወስዱታላችሁ?»

«ኤግዚቢት ክፍል።»

«ማሞቂያ አለው?»

ሳኖባር ልትዋሽላት ፈለገች፤ አልሆነላትም።

«የማሞቂያው ቧንቧ በመደርደሪያው ሥር ያልፋል» አለቻት።