ተዘግታ የተገኘችው ሴንጢ

ኤልውድ ሃርትማን በሴንጢዎቹ ክፍል ተወግቶ ሞቶ ሲገኝ፣ ሸሪፉ ጊዜ አላጠፋም፤ የሚስቱን ልጅ ጆሊንን በካቴና አሰራት። «ሞትህን ያሳየኝ!» ስትለው ጎረቤት ሰምቷል፤ ለሸሪፉ ይኸው በቃው። መርማሪ ሩት ዛሌስኪ ግን ነገሩ አልተዋጠላትም።

«ግማሽ ሰዓት ስጠኝ» አለችው።

«ግማሽ ሰዓት፤ ከዚያ ወደ እስር ቤት ነው የምወስዳት!»

ሟቹ የሚሰበስበው የድሮ የፔንሲልቬንያ ሴንጢዎችን ነበር፤ ቁልፋቸውን ሲጫኑት ስለታቸው ተፈናጥሮ የሚወጣውን ዓይነት። በክፍሉ መሳቢያ ውስጥ ሠላሳ ያህሉ ስለታቸው እንደተዘረጋ ተደርድረዋል። አንዷ ብቻ ተዘግታለች። ሩት በጓንት አንስታ ቁልፏን ብትጫነው ቷ! ብላ ተከፈተች። ስለቷ ንጹሕ ነው፤ ዘይትም ተቀብቷል። በባትሪ እጀታዋን ውስጡን ስታየው ግን፣ ሞላው ሥር ጨርቅ የማይደርስበት ቦታ ላይ ደም ረግቷል።

በዚያ ጠዋት ከጆሊን ሌላ እዚያ ቤት የገቡት፣ የሴንጢ ማኅበሩ አዛውንቶች ክላይድና መርል ብቻ ናቸው። ሳሎን ተኮራርፈው ተቀምጠዋል።

«ኤልውድ ሴንጢዎቹን ለምን ነበር ከፍተው የሚያስቀምጧቸው?» አለች ሩት።

«ሞላው እንዲያርፍ ነዋ!» አለ ክላይድ። «እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው።»

«ወሬ!» አለ መርል። «ሃምሳ ዓመት ዘግቼ ሳስቀምጥ አንድም ሞላ አልደከመብኝም። ግትሮች!»

«ግትር ብንሆንም፣ በአሮጌ እጀታ ላይ አዲስ ስለት ገጥመን ‹የአያቴ ነው› አንልም!»

መርል ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ማነው እንዲህ ያለህ?»

«ኤልውድ። እሑድ ማኅበሩ ፊት ሊያጋልጥህ ነበር።»

ሩት፣ በካቴና እንደታሰረች ጥግ ላይ ወደተቀመጠችው ጆሊን ዞረች። «አንቺስ ሴንጢዎቹን ትነኪያቸው ነበር?»

«እኔ? ባገኛቸው ወንዝ ነው የምጥላቸው! እናቴ እዚያ ጓዳ ስታጣጥር፣ እሱ እዚህ ተቀምጦ እነሱን ይወለውል ነበር።»

«ሰዓቱ አለቀ» አለ ሸሪፉ ከበሩ።

«እንኳን መጣህ። ሁላችሁም ስሙኝ። ገዳዩ ሴንጢዋን ጠረጋት። አሻራ ለማጥፋት ጨርቅ ይበቃዋል፤ እሱ ግን ዘይት ቀባት። ዘይት የሚቀባት እንዳትዝግ የሚሳሳላት ሰው ነው። ጆሊን ብትሆን ወንዝ ትከታት ነበር። ክላይድ ቢሆኑ ደግሞ፣ እጃቸው እንደለመደው እንደ ሌሎቹ ከፍተው ያስተኟታል። ይህችን የዘጋት ሃምሳ ዓመት ሲዘጋ የኖረ እጅ ነው። የእርስዎ እጅ ነው፣ መርል።»

መርል እጆቹን ጉልበቱ መካከል ደበቀ። «አታዋርደኝ ብዬ ለመንኩት። ሳቀብኝ።»

«አንተ ጅል!» አለ ሸሪፉ። «ታዲያ ምነው ይዘሃት አልጠፋህም?»

«ከቦታዋ ከጎደለች ይታወቃላ። ደሞስ የስንት ዘመን ዕቃ! ደም ደርቆባት ትዛግ? እሷ ምን አጠፋች?»

ሩት ጠጋ አለችው። «ዘይቱን ሲቀቧት ኤልውድ ይተነፍሱ ነበር?»

መርል ወለሉን አየ። «ትንሽ» አለ።

ሸሪፉ ካቴናውን ከጆሊን ፈትቶ በመርል እጅ አጠለቀው። ጆሊን ግን ከቦታዋ አልተነሳችም።

«እንደ እናቴ፤ እሱም ሲያጣጥር ሴንጢ ተወለወለበት» አለች፣ ለዚያ ለጠላቷ እያለቀሰች።