ክፍት የቀረው መስመር

ፕሮግራመሩ ፍሬአብ፣ ሚዛን አማን ከተማ በሚገኘው የቡና አቅራቢዎች ማኅበር ቢሮ ደረጃ ግርጌ፣ በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ «አዳልጦት ነው» አለ፤ ሲዘንብ አድሯልና ማን ይፈርድበታል። ኢንስፔክተር አሰጋሽ ግን የሟቹን እግር አየች። ያደረገው ነጠላ ጫማ ነበር።

በሚዛን ዝናብ የሠራ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ቀዩ ጭቃ ወለል እንዳያበላሽ ቦቲ በር ላይ ይወልቃል፣ ውስጥ በነጠላ ጫማ ይኬዳል። ቦቲውን ሳያጠልቅ ደረጃውን የሚወርድ የለም። የፍሬአብ ቦቲ ደግሞ ፎቅ ላይ፣ በሩ አጠገብ ነበር።

«መውጣቱ አልነበረም» አለች አሰጋሽ። «ሰው ሊሸኝ ብቅ እንዳለ ነው የተገፋው።»

የፖሊስ አዛዡ ይህን ሲሰማ ሔለንን አሰረ። ከፍሬአብ ጋር የምትሠራ ፕሮግራመር ናት፤ በዋዜማው ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ሕንፃው ሁሉ ሰምቷል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አዛዡ ግን ለቀማውን ለአሰጋሽ ትቶ ነገ ፍርድ ቤት ሊያቀርባት ቆርጧል።

«በምን ተጣላችሁ?» አለቻት አሰጋሽ።

«በሃሽታግ። ማኅበሩ ስለ ቡናችን የሚጻፈውን እንድንከታተል ነው የቀጠረን። ሰው የሚለጥፍበት ማኅበራዊ ገጽ ለፕሮግራመር ሁለት በር ይከፍታል። በአንዱ ጠዋት ጠዋት ገብተሽ በሃሽታጉ የተጻፈውን ትፈልጊያለሽ። በሌላው መስመር ክፍት አድርገሽ፣ ሰው በለጠፈ ቁጥር እዚያው ትቀበያለሽ።»

«ልዩነቱ?»

«ተለጥፎ የተሰረዘ ነገር ጠዋት ብትፈልጊው አታገኚውም። ክፍቱ መስመር ግን ሳይሰረዝ ይደርስበታል። እኔ መብራት ሲጠፋ መስመሩ ይቆረጣል ብዬ ፍለጋውን መረጥኩ፤ ሥራ አስኪያጁም ተስማሙ። ፍሬአብ ግን እምቢ አለ። ፈርተው የሚሰርዙትን ማን ይስማቸው ይል ነበር።»

ከሥር ያለውን መጋዘን ለማኅበሩ ያከራየው ሰይፈዲን ነው። «ቁልፉን ለአቶ ዓለምሰገድ ካስረከብኩ ወዲህ እግሬን አላስገባሁም» አለ ኮስተር ብሎ። «ኢንተርኔት እኔ ምን ያደርግልኛል?»

ሥራ አስኪያጁ ዓለምሰገድ ግን አልተቆጣም፤ ሐዘኑም ሸሚዙም የተተኮሰ ነበር።

«ቴፒ ነበርኩ፣ ኢንስፔክተር። ኔትወርክ እንኳ አልነበረም። መርዶውን የሰማሁት ጠዋት ስመለስ ነው።»

«የሚጠረጥሩት ሰው አለ?»

«ሰው ማማት አልወድም። ግን ሰይፈዲንን ይጠይቁት። መጋዘኑ ውስጥ አሮጌ ቡና ከአዲሱ ጋር በሰማያዊ ሸራ ላይ ሲደባለቅ ፎቶ ተለጥፎበታል።»

አሰጋሽ አመስግናው ወጣች። ከዚያ ራሷ ያሸገችውን የፍሬአብን ኮምፒውተር ከፈተች፣ ጌጫ ለምትኖር ዲቦራ ለምትባል ገበሬም ደወለች። ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ሔለን በፖሊስ ታጅባ መጣች። ሁሉም እንደ ልማዳቸው ቦቲያቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ።

«ፍሬአብ አልታዘዘም» ብላ ጀመረች። «መስመሩን ደብቆ ክፍት አድርጎታል። በዚያ ምሽት ዲቦራ ቡናዋን ልታስረክብ መጥታ መጋዘኑ ውስጥ ያነሳችውን ፎቶ ለጠፈች፤ ወዲያው ወንድሟ መዘዝ ያመጣብሻል ብሎ ስላስፈራራት ሰረዘችው። ለማንም አልነገረችም። የሔለን የጠዋት ፍለጋ አላገኘውም። ፎቶው የቀረው በዚህ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩን ደግሞ አስከሬኑ እንደተገኘ እኔ አሸግኩት።»

«ምን ዓይነት ፎቶ?» አለች ሔለን።

«አቶ ዓለምሰገድ ይንገሩሽ። እሳቸው ሸራው ሰማያዊ መሆኑን እንኳ ያውቃሉ።»

ዓለምሰገድ ከንፈሩን ላሰ። «በስልኬ… አይቼው ይሆናል።»

«ቴፒ ኔትወርክ እንዳልነበረ አጣርቻለሁ፤ እርስዎም ነግረውኛል። ከቴፒ የተመለሱት ጠዋት ሳይሆን በዚያው ምሽት ነው፤ በዚህም አልፈዋል። ፍሬአብም አለቃዬ ናቸው ብሎ አምኖ አሳየዎት። ከሸራው ጀርባ የቆመችውን፣ እርስዎ ብቻ የሚነዷትን የማኅበሩን መኪና ግን ልብ ሳይል ቀርቶ ይሆናል። ከዚያ እንደ ጨዋ ልጅ ሊሸኝዎት በነጠላ ጫማው ብቅ አለ።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሰውየው ወንበሩ ላይ ተሸማቀቀ። «ነገ ለአባላቱ አሳያቸዋለሁ አለኝ» አለ በመጨረሻ፤ «አንዴ ነው የገፋሁት።»

ሰይፈዲን ፊቱን አዞረ። ፖሊሶቹ ዓለምሰገድን ይዘውት ወረዱ። የሔለን እጅ ተፈታ፤ እሷ ግን አልተነሳችም።

«ነፃ ነሽ እኮ፣ ልጄ» አለቻት አሰጋሽ።

«የእሱን መንገድ መርጬ ቢሆን ያንን ፎቶ ሁላችንም እናየው ነበር» አለች ሔለን። «ሁሉ ያየውን ለመደበቅ ሰው አይገደልም። ብቻውን እንዲያይ ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

አሰጋሽ ክንዷን ይዛ አስነሳቻት። በሩ ላይ ሁለቱም ቦቲያቸውን አጠለቁ። የፍሬአብ ቦቲ ጭቃው ደርቆበት እዚያው ነበር።