የሱፐር ንስር ምርቃት

መቶ አለቃ ዓለምጸሐይ ሲቀላ ገበያ አጠገብ ስትደርስ የሰዉ ብዛት መተላለፊያ አሳጣት። ሕዝቡ አስከሬን ለማየት አልነበረም የመጣው። ከማለዳ ጀምሮ ተሰልፎ የቆየው አዲሱን የቴሌቪዥን ጌም ለመግዛት፣ መግዛት ያቃተው ደግሞ ሌላው ሲገዛ ለማየት ነው። ድምፅ ማጉያ የተጫነባት ፒክአፕ፣ ሾፌሯ ከድንጋጤው የተነሳ ማጥፋቱን ረስቶት፣ ጾሙን ሙሉ ስትለፍፍ የከረመችውን አሁንም ትለፍፋለች።

«ሱፐር ንስር! ከዱባይ ቀጥታ ወደ አርባ ምንጭ! አዲስ አበባ እንኳ ገና አላየውም! ዛሬ በዳግማይ ትንሣኤ ይመረቃል! ሳያልቅ ይድረሱ!»

«ኧረ ይህን ነገር አጥፉልኝ!» አለችና ወደ መደብሩ ገባች።

የመደብሩ ባለቤት አቶ ሀብተጊዮርጊስ ከባንኮኒው ጀርባ ተንጋለው ወድቀዋል። ማጅራታቸው ላይ ያለው ቁስል ደሙ ደርቋል። ያው ደም ግድግዳው ሥር በተቀመጠው ትልቅ ስታቢላይዘር የብረት ጠርዝ ላይም አለ። በዙሪያቸው የሱፐር ንስር ካርቶኖች አፋቸውን ከፍተው ተበታትነዋል። በመስኮቱ በኩል እስከ ጣሪያ ተደርድረው ከተማውን ሲያስጎመጁ የከረሙት እነዚያ ካርቶኖች ናቸው። አሁን አንድም የቆመ የለም፤ በውስጣቸውም አንድም ማሽን የለም።

የጣቢያው አዛዥ ሻለቃ ሀይሌ ቀድመዋት ደርሰው ጉዳዩን ጨርሰውታል።

«ዝርፊያ ነው» አሉ። «በሩ አልተሰበረም። ከሟቹ ሌላ ቁልፍ ያለው ያ ቴክኒሻን፣ ክንፉ ብቻ ነው። ጣቢያ አስገብቼዋለሁ። ከነገ ወዲያ ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

ዓለምጸሐይ ወደ አስከሬኑ ጎንበስ አለች። ለመዝረፍ ሰው የገደለ ምን እንደሚፈረድበት ሁለቱም ያውቁታል። ክንፉን እሷም ታውቀዋለች። ከጎጃም ለትምህርት መጥቶ፣ ተመርቆ፣ ሥራ አጥቶ፣ ቴሌቪዥን በመጠገን የሚኖር፣ በከተማው አንድ ዘመድ እንኳ የሌለው ልጅ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ማሰር ቀላል ነው፤ ማንም አይጮህለትም። ይህ ቀላልነት ነው ያበሳጫት።

ከካርቶኖቹ አንዱን አነሳች። ከሥሩ ደረቅ የሙዝ ቅጠል ተጠቅጥቆበታል። ሌላውም፣ ሌላውም እንደዚያው ነው። ለናሙና የተቀመጠው ማሽን ግን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ከነገመዱ፣ ማንም ሳይነካው ቁጭ ብሏል።

«ሻለቃ፣ ሌባው ይህን ለምን ተወው?»

«ቸኩሎ ይሆናላ።»

ቀጥላ የሟቹን ኮት ፈተሸች። ከውስጥ ኪሳቸው አንድ ጭብጥ ሳር አወጣች። ትናንት እርጥብ የነበረ፣ አሁን ጠውለግ ያለ ሳር ነው። ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ፣ በጥንቃቄ ታጥፏል።

«ለፍየል ይሆናል» አሉ ሻለቃ፣ ሊስቁም እየዳዳቸው።

ዓለምጸሐይ ከከተማው በላይ፣ ደጋው ላይ፣ ጨንቻ ተወልዳ ያደገች ናትና አልሳቀችም። ሳሩን በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

መጀመሪያ ወደ ክንፉ ሄደች። ልጁ ፊቱ አብጦ ጥግ ይዟል።

«የሙዝ ቅጠሉን ማን ጠቀጠቀው?»

ቀና ብሎ አያት። ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«እኔ ነኝ» አለ። «እነሱ አዝዘውኝ። ከመጀመሪያውም የመጣው ማሽን አንድ ብቻ ነው። ትናንት ማታ ሌላው አይመጣም የሚለው ስልክ ሲደወል ጋሼ ልባቸው ተሰበረ። አንተ ሂድ፣ እኔ ነገሩን ላስተካክል አሉኝና ወጣሁ። ይህን ብናገር ማን ያምነኛል? አብረህ አጭበርብረሃል ነው የሚሉኝ።»

«ማነው ያዘዘህ?»

«ሳምሶን።»

ሳምሶን በላይኛው ከተማ በሼቻ፣ ሐይቆቹን ቁልቁል በሚያሳይ ሆቴል በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር። የማስታወቂያ ሰው ነው። ከአዲስ አበባ መጥቶ ከሟቹ ጋር ተሻርኮ፣ ያችን ፒክአፕ ያስለፈለፈ እሱ ነው። አለባበሱ አሁንም የምርቃት ነው።

«አቶ ሳምሶን፣ ባዶ ካርቶን ለምን ደረደሩ?»

«ኧረ መቶ አለቃ፣ ይህ እኮ ማስታወቂያ ነው! ሰው ተደርድሮ ያላየውን ዕቃ አይገዛም።»

«የሌለውንስ ይገዛል?»

«ይመጣ ነበር! የአዲስ አበባው አስመጪ፣ ገበያ መኖሩን አሳዩኝና እልካለሁ አለ። እኛ ደግሞ መላው ከተማ ይሻማበታል ብለን ገመትን። ተሻማም! ሰዉን ራስዎ አይተውታል። አስመጪው ግን ትናንት ሐሳቡን ለወጠ።»

«አቶ ሀብተጊዮርጊስስ ምን አሉ?»

ሳምሶን ሲጋራውን ለኮሰ። «ነገ በሕዝብ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ አለኝ። አታድርገው፣ ምርቃቱ ይቀጥል፣ ጊዜ እንግዛ ብዬ ለመንኩት። ስልኩን ዘጋብኝ።»

«እሳቸው ያንን ቢያደርጉ እርስዎ አለቀልዎት ማለት ነው።»

«ስሜ ያልቅ ነበር» አለ ሳምሶን። «እኔ ከስሜ ሌላ ምን አለኝ?»

ሁለተኛው ሰው ጌታነህ ነው። ቪዲዮ ቤትና የጆተኒ ጠረጴዛዎች አሉት። ሱፐር ንስር ደንበኞቹን ሊነጥቀው ነው ተብሎ፣ ከሟቹ ጋር ገበያ መሀል ሲሰዳደብ ያላየ የለም። ዓለምጸሐይ ስትደርስ ግን ጠረጴዛዎቹ አልነበሩም።

«ሸጥኳቸዋ» አለ ጌታነህ በቁጣ። «ምን ላድርግ? ልጁ ሁሉ ንስር ንስር ይላል። ከምሞት ብዬ እኔም በስውር ለመግዛት ተመዘገብኩ። ሰድቤው ሳበቃ ከእሱ ልገዛ! አንቺ ብትሆኚ አታፍሪም?»

«ትናንት አመሻሽ ላይ የት ነበሩ?»

«ቤቴ፣ ከሚስቴ ጋር ስጨቃጨቅ። ስለዚሁ ጌም።»

ሦስተኛውን ሰው ኩልፎ ወንዝ ዳር፣ ሙዝ መሀል አገኘችው። ጋሽ ካሱ የሟቹ የመንደር ልጅ ናቸው። አንድ ቀዬ፣ ጨንቻ አካባቢ፣ አብረው ያደጉ። ባልንጀራቸውን አምነው የሙዝ እርሻቸውን ሸጡና ለልጆቻቸው የጌም ማጫወቻ ቤት ሊከፍቱ ተነሡ። ለአዲሱ ባለቤት የመጨረሻውን ምርት እየቆረጡ ነበር።

«ሀብቴ ወንድሜ ነበር» አሉ፣ ቢላቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው። «ካሱ፣ ሙዝ ድሮ ቀረ፣ ዘመኑ የጨዋታ ነው አለኝ። አመንኩት።»

«ትናንት አይተዋቸዋል?»

«አይ፣ ትናንት ገበያ አልወጣሁም።»

«ስለ ክንፉስ ምን ይላሉ?»

ጋሽ ካሱ ወደ ወንዙ ዞሩ። «ምስኪን ነው» አሉ። ቢላቸውን መልሰው አነሱ።

በማግሥቱ ዓለምጸሐይ ሦስቱንም ወደ መደብሩ ጠራች። ክንፉንም በካቴና አስመጣች። ሻለቃ ሀይሌ ሰዓታቸውን እያዩ ባንኮኒው ላይ ተደገፉ። እሷ ከቦርሳዋ የጠወለገውን ሳር አውጥታ፣ ሰዎቹ ከመግባታቸው በፊት በሩ ደፍ ላይ አኖረችው።

መጀመሪያ ሳምሶን መጣ። ሳሩን ሳያየው ተራምዶት ገባ። ጌታነህ ረግጦት አለፈ፤ ጫማው ላይ የቀረውን ሳር እንኳ ልብ አላለውም። ጋሽ ካሱ በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሳሩንም፣ ዓለምጸሐይንም አዩ፤ አልገቡም።

«እዚያው ይቁሙ ጋሽ ካሱ፤ ይሰማል» አለች በዝግታ። ከዚያ ወደ ሻለቃው ዞረች። «ሻለቃ፣ ዝርፊያ የለም። ማሽን ያወጣ ሌባ በቦታው የሙዝ ቅጠል አይጠቀጥቅም። ቅጠሉ ከመጀመሪያውም እዚያው ነበር። የተሸጠው ማስታወቂያ ነው።»

ሳምሶን አቀረቀረ።

«ይህ ሁሉ ካርቶን ግን ተከፍቷል፤ ከላይኛው እስከ ሥረኛው። ማነው እንዲህ የሚያደርግ? ክንፉ አይደለም፤ ባዶ መሆናቸውን ያውቃል፣ ራሱ ነው የሞላቸው። አቶ ሳምሶንም ያውቃሉ። ባዶነቱን የሚያውቅ ሰው አንዱንም አይከፍትም። ሌባ ቢሆን ደግሞ ሁለት ሦስቱን ከፍቶ ይተዋል፤ ዓይኑ ፊት ያለውን ናሙና ይዞ ይሮጣል። የመጨረሻውን ካርቶን ድረስ የሚከፍት፣ ምናልባት በዚህኛው ይኖር ይሆናል የሚል ሰው ነው። ተስፋ ያደረገ ሰው። ያለውን ሸጦ የመጣ።»

ጌታነህ ብድግ አለ። «እኔን ነው የምትዪው?»

«እርስዎም ሸጠዋል። እርስዎንም አስቤዎት ነበር። ይቀመጡ።» ድምፅዋ ሳይጠነክር ቀጠለች። «የቀረው የሳሩ ነገር ነው። በእኛ አገር በደለኛ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ ሽማግሌ ጠብ ሲያበርድ፣ እርጥብ ሳር ይይዛል። ሳር ይዞ የቆመን ሰው መንካት ጎሜ ነው፤ ነውርም ኃጢአትም ነው፣ ለዘር የሚተርፍ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ያን ምሽት ሕዝቡን ነገ ሊጋፈጡ፣ አንድ ሰውን ግን ቀድመው ይቅርታ ሊጠይቁ ፈለጉ። ያ ሰው የሳሩን ትርጉም የሚያውቅ መሆን አለበት፤ አለዚያ ለማን ይይዙታል? ለአቶ ጌታነህ አይሆንም፣ ሲረግጡት አየን። ለአቶ ሳምሶንም አይሆንም።»

«ኪስ ውስጥ ነው እኮ የተገኘው» አሉ ሻለቃ።

«እሱ ነው ነገሩን የፈታልኝ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ሳሩን በእጁ ይይዘዋል፣ ሰው እንዲያየው። ኪሱ አይከተውም። ስለዚህ ከወደቁ በኋላ ሌላ ሰው ከመሬት አንሥቶ፣ አስተካክሎ፣ አጥፎ ኪሳቸው ከቷል። ለማያውቀው ሰው የፍየል መኖ ነው፤ ዘሎት ይሄዳል። ሰው ገድሎ በሚሸሽበት ሰዓት እንኳ ሳሩን መሬት ላይ ጥሎት መሄድ ያቃተው፣ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።»

ጋሽ ካሱ እዚያው በሩ ላይ ናቸው።

«አስጠራኝ» አሉ። «ስገባ ሳር ይዞ ተንበርክኳል። ማሽን የለም ካሱ፣ ማረኝ አለኝ። ውሸት ነው ብዬ ካርቶኑን ከፈትኩ። ሌላውንም ከፈትኩ። እሱ ከኋላዬ ካሱ ተው፣ ካሱ ማረኝ ይላል። መጨረሻው ባዶ ሲሆን… ተነሥቶ ሊይዘኝ ሲል ገፋሁት። አንድ ጊዜ ነው የገፋሁት። ብረቱ ላይ ወደቀ።» ባርኔጣቸውን በእጃቸው አሹት። «ከነሳሩ ገፋሁት። ከነሳሩ! ይህን ለማን ልናገር? የትኛው ሽማግሌ ይሰማኛል? ለልጆቼ ምን ላወርሳቸው?»

«ለክንፉስ?» አለች ዓለምጸሐይ። እስካሁን በዝግታ ስትናገር የነበረችው አሁን ተቆጣች። «ነገ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነበር እኮ! የእሱስ እናት ልጅ አልወለደችም?»

ክንፉ አንገቱን ቀና አድርጎ ጋሽ ካሱን ያያቸው ጀመር።

«ትናንት በፎጣ ጠቅልሎ ዓሣ ያስገባልኝ ሰው…» አለ። «ዘበኛው፣ አንድ የኩልፎ ሽማግሌ ነው አለኝ። እርስዎ ነዎት?»

ጋሽ ካሱ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዛሬ ጠዋትም?»

«ዘመድ የለውም ሲሉ ሰምቼ ነው» አሉ ጋሽ ካሱ፣ ወደ ሳሩ እያዩ።

«እኔ እኮ በላሁት!» ክንፉ ጮኸ። በታሰረ እጁ ፊቱን ሸፈነ። «እግዜር ይስጥልኝ እያልኩ፣ ይህንን ሰው ጠብቅልኝ ብዬ እየጸለይኩ በላሁት እኮ!»

ሻለቃ ሀይሌ ሰዓታቸውን ማየት ትተው ነበር። ዓለምጸሐይ የካቴናውን ቁልፍ አውጥታ ክንፉን በራሷ እጅ ፈታችው። ነፃ ነህ ብትለውም ልጁ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ጋሽ ካሱ ግን፣ ማንም ሳያዝዛቸው፣ ሁለት እጃቸውን ለካቴናው ወደ ፊት ዘርግተው ይጠብቁ ነበር።