ዘጠና ስድስት ቀለበት

«የእኔ ድርሻ አለቀ» አሉ ወንድ አያቷ አባባ፣ ሹራቡን ከመርፌው አውጥተው ጭኗ ላይ እያስቀመጡላት። «የቀረው ያንቺ ነው፣ ችኩሌ። ለቅዳሜ ይደርሳል አይደል?»

ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ችኩሌ ገና የደብተር ቦርሳዋን ከትከሻዋ አላወረደችም። «ይደርሳል» አለች። 

ችኩሌ እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ ቤተሰቡ ያወጣላት ነው። ሻይ ሳይበርድ የምትጠጣ፣ ጥያቄው ተነቦ ሳያልቅ እጇን የምታወጣ ልጅ ነበረች። ይኸው አሥራ አራት ዓመት ሞልቷትም ስሙ አልለቀቃትም፤ እውነቱን ለመናገር እሷም ጠባዩን አልለቀቀችውም።

ጭኗ ላይ የተቀመጠላት የገበያ ቦርሳ ግማሽ አካል ነው። ሌላው ግማሽ፣ ግርጌው ማለት ነው፣ ሴት አያቷ እማማ በኪሮሽ የሠሩት ክብ ዳንቴል ነው፤ ስፋቱ ከሾርባ ሳህን አይበልጥም። ላዩን ደግሞ ሁልጊዜ የሚሠሩት አባባ ናቸው፤ በወፍራም የሹራብ መርፌ፣ በቀጭን የጥጥ ክር፣ ልል ተደርጎ፣ እንደ መረብ ቀዳዳ በቀዳዳ። ባዶውን ወደ ውስጥ ጠቅልለው ሲያጥፉት ዳንቴሉ ሹራቡን እንደ ኪስ ይውጠውና በአንዲት ቁልፍ ይዘጋል፤ ኮት ኪስ ውስጥ መኖሩም አይታወቅም። ገበያ ላይ ሲዘረጋ ግን ድንቹንም ሽንኩርቱንም ጎመኑንም ተሸክሞ እስከ ጉልበት ይለጠጣል። እማማ «ይኼ ሆዳም» ይሉት ነበር።

እማማ ካረፉ ዓመት አልፏል። ቦርሳው ዓመቱን ሙሉ በር ኋላ ተንጠልጥሎ ከረመ። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ አባባ ምን እንደታያቸው እንጃ፣ ድንገት አነሡትና ብቻቸውን ገበያ ሄዱ። ሲመለሱ የኮታቸው ኪስ በሽንኩርት ተወጥሯል፤ ቦርሳው እጃቸው ውስጥ ተጨምድዷል። ያረጀው ሹራብ መሀል መንገድ ላይ ተተርትሮ ድንቹ ቁልቁለቱን ይዞ መንከባለሉን ቤተሰቡ የሰማው ከጎረቤት ነው። እሳቸው አንድም ቃል አልተነፈሱም። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሲመጣ ኮታቸውን አይለብሱም፣ ከቤት አይወጡም፣ ምግባቸውንም እንደ ነገሩ ቀመስ አድርገው ይተዉታል። እናቷ ወጥ ቤት ገብታ ስታለቅስ ችኩሌ ሁለት ጊዜ አይታታለች።

ከሁለት ሳምንት በፊት ግን አባባ መርፌዎቻቸውን ከሣጥን አወጡ። ግርጌው የእማማ ሥራ ነው፣ አይለወጥም አሉ። ላዩን እንደ ድሮው እኔ እሠራለሁ፤ ማጋጠሙን ደግሞ ይህችን ልጅ አስተምራታለች፤ ሲያልቅ ይዤው ገበያ እወጣለሁ አሉ። ይህን ሲሰሙ የቤቱ ሰው ሁሉ ፊቱ በራ።

ችግሩ እማማ ማስተማሩን አስተምረዋል፤ ችኩሌ ግን አልተማረችም።

እማማ ያስተማሯት ቀን ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር። እማማ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው፣ የዳንቴሉንና የሹራቡን ጠርዝ በግራ እጃቸው አጋጥመው ይዘው፣ በኪሮሹ ክሩን ሾለክ፣ ሳብ፣ ሾለክ፣ ሳብ እያደረጉ አሳዩአት። ደገሙላት። ሦስተኛው ላይ ጓደኞቿ ከደጅ ኳስ እያነጠሩ ይጠሯት ጀመር። እማማ «ገባሽ?» አሏት። እሷም አንድ እግሯን ጫማዋ ውስጥ እየከተተች «ገባኝ፣ እማማ» ብላ ወጣች። እማማም አመኗት። የዚያን ቀን ጨዋታ ማን እንዳሸነፈ እንኳ ዛሬ አታስታውስም።

አባባ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ። በሩ አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ቤት ተቀምጠው ሹራብ ይሠሩ ነበር። ተማሪው መጀመሪያ ላይ ይስቅባቸው ነበር አሉ፤ ብርድ ሲመጣ ግን አንገቱ ላይ የሚጠመጥመውን ፍለጋ ወደ እሳቸው የማይመላለስ አልነበረም። ወደ ቤት ሲገቡ ለወዳጅ የሚሰጡትን የአዲስ ቦርሳ ሹራብ ለእማማ ያስረክባሉ፤ እማማም ግርጌውን ጨርሰው ይጠብቃሉ። እራት ሳይቀርብ ይጋጠማል። ችኩሌ ትንሽ ልጅ ሳለች በሁለቱ መሀል ቁጭ ብላ የክሩን ድቡልቡል ትይዝላቸው ነበር። አባባ የቀኑን ወሬ ያወራሉ፤ እማማ አንገታቸውን ደፍተው ኪሮሻቸውን ሲያሾልኩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጸሎት የሚያደርጉ ይመስላት ነበር። እንዲህ ያለው ጊዜ ያልቃል ብላ አስባ አታውቅም። አሁን ይናፍቃታል።

ታዲያ አባባ አንድ ኩራት አላቸው። የዳንቴሉ ጠርዝ ዘጠና ስድስት ቀለበት ስላለው ሹራቡም በዘጠና ስድስት ቀለበት መጀመር አለበት። «በሕይወቴ አንዲት አጉድዬ፣ አንዲት አትርፌ አላውቅም» ይላሉ፤ ለእንግዳ ሳይቀር ይናገሩታል።

ዓርብ በዕረፍት ሰዓት ችኩሌ ጉዷን ለዴስክ ጓደኛዋ ነገረቻት። ይህች ልጅ ነገር በማቅለል የታወቀች ናት፤ ፈተና ወድቃ እንኳ «ወረቀቱ ነው የወደቀው» ያለች።

«በናትሽ አታካብጂ» አለቻት። «በልብስ መርፌ ዙሪያውን ጥብቅ አርገሽ ስፊውና ተገላገይ። ሽማግሌው በምን ያውቃሉ?»

ችኩሌ አሰበችው። በልብስ መርፌ ከተሰፋ አይለጠጥም። ካልተለጠጠ ድንቹ ሲገባበት ክሩ እዚያው ይበጠሳል። ቦርሳው ሁለተኛ መንገድ ላይ ከተበተነባቸው ደግሞ አባባ ዳግመኛ ገበያ እንደማይወጡ፣ ምናልባትም ከዚያ ወንበር እንደማይነሡ ታውቃለች። ከሁሉ በላይ ያስፈራት ይኼ ነው።

ወደ ቤት ስትመለስ አንድ ሐሳብ መጣላት። አሮጌው ሹራብ ቢተረተርም ከዳንቴሉ ጋር የተጋጠመበት ቦታ ላይ ሁለት ጣት ያህል ቀርቷል። እሱ የግድ መውጣት አለበት። ታዲያ ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ እየፈታች ብታየውስ? እማማ የሄዱበትን መንገድ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ተከትሎ መሄድ ማለት ነው። ግን አንዴ ከተፈታ ተመልሶ አይገኝም። እጇ ስቶ ዳንቴሉ አብሮ ቢፈታባትስ? በዚህ ቤት የቀረ የእማማ ሥራ ይኼ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ለሰው ተሰጥቶ አልቋል።

አልጋዋ ላይ ፎጣ ዘረጋች። የሒሳብ ደብተሯን ከኋላ ገልጣ፣ ስልኳን ለፎቶ አዘጋጅታ፣ የክሩን ጫፍ ፈልጋ አገኘች።  ሳበች። አንድ ቀለበት ተፈታ፤ ዳንቴሉ ምንም አልሆነም። ጻፈች፦ አንድ ለአንድ። ሁለተኛው፣ አንድ ለአንድ። ሦስተኛው፣ አንድ ለአንድ። ከአሥር በኋላ ነገሩ ገባት። ሥራው ቀላል ነበር። ያን ቀን ትንሽ ብትታገስ ኖሮ በሦስተኛው ይገባት ነበር፤ ብቻዋን ተቀምጣ አፈረች።

ሃያ ስምንተኛው ላይ እጇ ቆመ። እዚህ ጋ አንዱ የሹራብ ቀለበት ብቻውን ሁለት የዳንቴል ቀለበት ይዟል። የተሳሳተች መሰላት፤ ፎቶውን አጉልታ አየች። አልተሳሳተችም። የእማማ ዐይን ደክሞ ይሆናል ብላ ቀጠለች። ስድሳ አንድ ላይ እንደዚያው። ሰማንያ ሰባት ላይ እንደዚያው። ሦስቱም የተራራቁ ናቸው፤ አንዱ እጀታው በነበረበት ሥር፣ ሌላው ስፌቱ አጠገብ፣ ሦስተኛው ቁልፉ ኋላ፣ ማንም የማያይበት ቦታ ገብተዋል። ስህተት እንዲህ ተጠንቅቆ አይሠራም።

የዳንቴሉን ጠርዝ ቆጠረች፦ ዘጠና ስድስት። የአሮጌውን ሹራብ ቀለበት ቆጠረች፦ ዘጠና ሦስት።  አባባ ትናንት የሰጧትን አዲሱን ሹራብ አነሣችና በየአሥሩ መርፌ ቁልፍ እየሰካች ቆጠረች። ዘጠና አራት። ደግማ ቆጠረች። ያው ዘጠና አራት።

አባባ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ለጎረቤት ሕፃን የኮፍያ ቀለበት መርፌ ላይ እየደረደሩ ነው። ድምፃቸው በመስኮቱ ይሰማል። «ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት… አንተ! እናትህ ተሻላት? እሰይ። በል ሰላም በልልኝ… ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ አምስት…»

ሠላሳ ሦስት ከልጁ ጋር አብሮ ሄደ።

ችኩሌ ትራሷን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። አባባ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ሳይሉ አያሳልፉም፤ የትምህርት ቤቱ በር ላይማ በቀን ስንት መቶ ሰው ያልፍ ነበር። ሳቋን ሳትጨርስ እንባዋ መጣ። የእማማ ከንፈር የሚንቀሳቀሰው ለካ እየቆጠሩ ነበር። የጎደለውን ቆጥረው፣ በየት በየት እንደሚደብቁት አስበው፣ እያጋጠሙ ነበር። ባላቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ስለ ዘጠና ስድስታቸው ሲያወሩ እማማ አንድ ቀን እንኳ «ጎድሏል» ብለው አያውቁም።

ቅዳሜ ጠዋት አባባ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ደጃፍ ላይ ጠበቋት። ችኩሌ ዳንቴሉን፣ ሹራቡንና ኪሮሹን ይዛ ወጣችና አጠገባቸው ተቀመጠች። ሌሊቱን ስታስብበት አድራለች። መጉደሉን ልንገራቸው ካለች እውነት ነው፣ መንገር ትችላለች፤ አባባም ያለምንም ቅሬታ ፈትተው እንደ አዲስ ይጀምሩታል። ግን መጀመሪያ ሌላ የምትናገረው አለ።

«አባባ፣ እማማ ሲያሳዩኝ ገባኝ ያልኳቸው ውሸቴን ነው። ኳስ ልጫወት ቸኩዬ ነው። አልገባኝም ነበር።»

  ቀና ብላ ለማየት አልደፈረችም።

«ታዲያ አሁን እንዴት ልታደርጊው ነው?» አሉ አባባ። ድምፃቸው አልተቆጣም፣ ትንሽ ግን አዝኗል።

«አሮጌውን ቀስ እያልኩ ፈትቼ አየሁት። አንድ በአንድ ጽፌዋለሁ። አሁን የምሬን ነው፣ ገብቶኛል።»

አባባ ዳንቴሉን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ሌላ ሰው ሲያጋጥመው ሁልጊዜ እንደሚሸበሸብ፣ እሳቸውም ራሳቸው አንዴ ሞክረው እንዳበላሹት፣ የእማማ ግን ከውሃ እንደወጣ ድንጋይ ልስልስ ብሎ እንደሚቀር ነገሯት። ስንት ዓመት አጠገቧ ተቀምጬ ዘዴዋን አላወቅሁትም አሉ። ከዚያ ወደ ችኩሌ ዞሩ።

«ምን አድርጋ ነው? ምን አገኘሽበት?»

ችኩሌ አፏን ከፈተች። ዘጠና አራት የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። አባባ እንደ ተማሪ ጎንበስ ብለው፣ ዐይናቸውን ኪሮሹ ላይ ተክለው ይጠብቃሉ።

«ቀስ ማለት ነው፣ አባባ» አለች። «ሌላ ምንም የለውም።»

«አይ አንቺ! ቀስ ማለት መቼ ታውቂና!» ብለው አባባ ሳቁ። እማማ ካረፉ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ ሰምታ አታውቅም። በዚያው መካከል ዳቦ ሻጩ በበሩ ሲያልፍ አዩትና ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጤናው፣ ስለ አዲሱ ምድጃው ይጠይቁት ጀመር።

ችኩሌ ሁለቱን ጠርዞች አጋጥማ ያዘች። አንድ ለአንድ፣ አንድ ለአንድ እያለች ሄደች። እጀታው ሥር ስትደርስ ኪሮሹን በሁለት የዳንቴል ቀለበት ውስጥ አሾለከች፣ በአንድ የሹራብ ቀለበት ሰበሰበቻቸው፣ ክሩን ጠበቅ አድርጋ ሳበችና ወደሚቀጥለው አለፈች።