ገመዱ ተነቅሎ ፈቃድ የጠየቀኝ ኮምፒውተር

ስለ መንፈስ ሲወራ አፌን ይዤ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ቸርች ውስጥ እንኳ እንዲህ ዓይነት ምስክርነት ሲሰጥ ሰዓቴን ነው የማየው፣ ስለዚህ ይህን ስነግራችሁ «እሷንም ጀመራት» እንዳትሉኝ።

ኢንተርኔት በስልክ መስመር ይመጣ በነበረበት ጊዜ የካ ዳገቱ ላይ ትንሽ ኢንተርኔት ቤት ነበረችኝ። መስመሩ አንድ ነው፣ ኢንተርኔት ከተሰካ ስልኩ ተይዟል ይላል። ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ደግሞ በሱዳን አድርጎ ሊቢያ ገብቷል፣ ጀልባ ላይ ከመውጣቱ በፊት አመሻሽ ላይ እንደሚደውልልኝ ነግሮኛል። እኔም ፀሐይ ስትጠልቅ ደንበኛ አስወጥቼ፣ ገመዱን ከኮምፒውተሩ ነቅዬ ስልኩ ላይ እሰካና እጠብቀዋለሁ፣ «በእናትህ፣ ባሕሩ ይቅርብህ» ልለው ነው፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።

አንድ ቀን እንደልማዴ ገመዱን ነቅዬ ስልኩ ላይ ሰካሁና ኮምፒውተሩን ላጠፋ ስል፣ ከቫይረስ የሚጠብቀው ፕሮግራም ብቅ ብሎ «ብሮውዘሩ ከ127.0.0.1 ጋር መገናኘት ይፈልጋል፣ ይፈቀድለት?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። ከማን ጋር? ገመዱ እኮ የለም! ኮምፒውተር የሚጠግንልኝ ቴዲ ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር፣ ሳቀብኝ።

«ያ ቁጥር ራሱ ኮምፒውተሩ ነው። ብሮውዘሩ ከራሱ ጋር ያወራል፣ አንዱ ክፍሉ ሌላውን የሚቀሰቅሰው በዚያ በኩል ነው። ከሳጥኑ አይወጣም፣ ፍቀጂለት።»

ፈቀድኩ፣ ቴዲም ሄደ።

ወዲያው ከሳጥኑ ውስጥ ያ መስመር ሲያያዝ የሚሰማው ሲርታ መጣ፣ ቀጭን ነው፣ ከሩቅ። ደጅ ያለው ባሕር ዛፍ ነው ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ፣ አልቆመም። ዞር ስል ደግሞ ከዳዊት ጋር በምንጻጻፍበት ገጽ ላይ፣ ስሙ አጠገብ፣ መግባቱን የምታሳየው አረንጓዴ መብራት በርታለች። «ዳዊትዬ የት ነህ?» ብዬ ጻፍኩ። በእሱ ስም «ዳዊትዬ የት ነህ?» የሚል መጣልኝ። «አትሂድ!» አልኩ፣ «አትሂድ!» አለኝ። የጻፍኩትን ሁሉ መለሰልኝ፣ ከዚያ ግን፣ እመኑኝ፣ እኔ ያልጻፍኩት መጣ፦ «ስልኩን አንሺው።»

ስልኩ አልጮኸም። አነሳሁት፣ ውስጡ ያው ሲርታ ነው።

በዚህ መሐል ጎረቤቴ ባለሱቁ ኑረዲን እያለከለከ ገባ።

«አንቺ! ወንድምሽ አሁን ሱቅ ደውሎ ነበር! 'ደጋግሜ ብሞክር ተይዟል ይለኛል፣ መውጣታችን ነው፣ ጥራልኝ' አለኝ። ልጠራሽ ስነሳ ተቋረጠ።»

ገመዱ ስልኩ ላይ ነበር። ኑረዲንም በዓይኑ አይቷል። ታዲያ መስመሬን ማን ነው የያዘብኝ?

ዳዊት ከዚያ ወዲህ አልደወለም። ቴዲ ኮምፒውተሩን ፈታትቶ ምንም አላገኘም፣ እንዳያስጨንቅሽ ውስጡን ሁሉ ልደምስሰው ሲለኝ ግን እምቢ አልኩት። ያ የ«ይፈቀድለት?» ጥያቄ አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣል፣ እፈራዋለሁ፣ እጸልያለሁ፣ ደግሞ እፈቅድለታለሁ።