የስልሳ ሁለት ለቀስተኞች ይግባኝ

ጠጋ ጠጋ በሉማ ልጆቼ፤ አረፍ በሉና ስሙኝ።

በበረሃ ላይ ሰማይ የሚያህል ጥላ በተዘረጋላት ከተማ ፈትለወርቅ የምትባል ጠበቃ ነበረች። በዚያ ቅጣት የሚወስነው ፈለግ ቆጣሪው ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደዋለ በየሰዉ የእጅ አንጓ ላይ ከታሰረው አምባር እየለቀመ የሚደምር ማሽን ማለት ነው። እንደ ውኃ ቆጣሪ ስለለመዱት ማንም አይደነቅበትም።

ደንበኛዋ እትዬ ደብሪቱ ለእህቷ ልጅ ብላ አንድ ጥቅል አደንዛዥ ዕፅ ጓዳዋ ደብቃለች። አልካደችም። በዕፅ አዘዋዋሪዎች ሴራ ተካፍለሻል ተብላ አራት ዓመት ተፈረደባት። ቆጣሪው ግን ዘጠኝ ጨመረባት፦ «መሪያቸው ናት። በሦስት ቀን ስልሳ ሁለት ሰው ቤቷ ገባ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳት፤ ዝም ብሎ ተቀምጦ ዝም ብሎ ወጣ።»

ምን መሰላችሁ? ልጇ ሞታባት ጎረቤት ለቅሶ ደርሶ ነው! ቆጣሪው ደግሞ የሞተ ሰው አይቆጥርም።

«ይሄማ በይግባኝ ይሻራል፤ ሰዎቹ ራሳቸው መጥተው ይንገሩት» አለች ፈትለወርቅ።

«ኧረ ልጄ፣ ሰውን ሥራ አስፈትቼ?»

«ለሞተ የመጡ፣ ላለ ሊቀሩ ነው?»

መጡ። ምርኩዝ የያዙት ሳይቀሩ ስልሳ ሁለቱም ችሎት ቀርበው፣ «ለቅሶ ልደርስ ነው የሄድኩት» አሉ። ቆጣሪው ሁሉንም ሰማ። ዳኛው አቶ አምኃ ውጤቱን ሲያነቡ ድምፃቸው ወረደ፦

«በአንድ ጥሪ ስልሳ ሁለት ሰው ተሰበሰበላት። ሁሉም አንድ ቃል ተናገሩ። መሪነቷ ተረጋግጧል። ሁለት ዓመት ተጨምሯል።»

«የጠራኋቸው እኔ ነኝ!» አለች ፈትለወርቅ። «ጌታዬ፣ እርስዎ ለቅሶ ደርሰው አያውቁም?»

«እደርስ ነበር፣ ልጄ። እዚህ የተቀመጥኩት ግን ለማንበብ ነው» አሉና እጅጌያቸውን ወደ አንጓቸው ሳብ አደረጉ።

ሌላ ይግባኝ የለም። ደብሪቱ ወደ ጎረቤቶቿ ዞረች። «በሉ አንድ ባንድ ውጡ፤ ተያይዛችሁ አትሂዱ። ደግሞ እናንተ ላይ እንዳይቆጠር።»

በሳምንቱ በፈትለወርቅ ሰፈር አንድ አዛውንት አረፉ። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ሚስታቸው በባዶ ወንበሮች መሀል ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ ጎረቤቱ በየደጃፉ ቆሞ ያለቅሳል። ፈትለወርቅ መግባት ፈለገች። ግን ብትገባ የሚቆጠረው በሴትዮዋ ላይ ነው። እዚያው ደጅ ላይ ቀረች።

ደብሪቱም ከአሥራ አንዱ ትርፍ ዓመት አንዲት ቀን አልተቀነሰላት። ልጇ ትብለጥ ትባል ነበር፤ በዚያ ሁሉ መዝገብ ስሟ የለም። እናቲቱን ስታስቡ፣ አደራ ልጆቼ፣ ከነልጇ አስቧት።