ሦስት ሲባል የሚጨፈኑ ዓይኖች

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ ጠጉር ታህል ውሸት ከተገኘበት ምላሴ ይቆረጥ።

ፎቶ አንሺው በወጣትነቱ መንገድ ላይ የማያውቃቸውን ሰዎች ያነሣ ነበር። ካሜራውን ሲያወጣ አገር ምድሩ ይተራመሳል። ትራፊክ ፖሊሱ ቦርጩን ወደ ውስጥ ይስባል፤ መላጣው ባርኔጣውን ይደፋል፤ አንዲት ወይዘሮ «ምኔን ወሰድክ?» እያለች ሦስት ሰፈር አሳድዳዋለች። ጥፋቱ የራሱ ነበር። የመታወቂያ ፎቶ ሲያነሣ ስለኖረ፣ ተደብቆ እንኳ ጮክ ብሎ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ካላለ ጣቱ አይታዘዘውም።

በልብስ ስፌት ቤቱ መስኮት ቁልፍ የምትተክለው ልጅ ግን አልሸሸችም፣ አልተቆጣችም። ቀና ብላ ታየዋለች፤ ልቡ ቀጥ ይላል፤ «ሦስት» ሲል ዓይኗን ትጨፍናለች። ሺህ ጊዜ አነሣት። ሺህ ጊዜ የተኛች መስላ ወጣች።

አንድ ቀን የቤቱ ባለቤት፣ ታላቅ እህቷ፣ መቀሷን እንደያዘች በር ላይ ወጣች።

«አንተ፣ ከእህቴ ምን ፈልገህ ነው?»

«ላገባት ነው፣ እትዬ።»

«ፎቶ እንኳ በወጉ ሳታነሣት? እስከ ቅዳሜ ዓይኗ የተገለጠ አንድ ፎቶ አምጣና እንነጋገራለን። አለዚያ እዚህ መስኮት ድርሽ እንዳትል!»

ልጅቷ ከኋላ ሆና ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

ቅዳሜ መጣ። «አንድ፣ ሁለት…» አለና ዝም አለ። ጎዳናው ዝም አለ። ወፍ አየር ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ልጅቷ «ሦስት»ን ስትጠብቅ ዓይኗ እንደተገለጠ ቀረ። ቀጭ!

አመሻሹ ላይ እህቷ ፎቶውን ከእጁ ተቀብላ አየች፤ ጥጉን በጣቷ ደባበሰች፤ በሩን ከፈተችለት።

ያ ፎቶ ዛሬ በር አክሎ ሳሎናቸው ተሰቅሏል። ጥግ ላይ ያለችው ሐምራዊ ቅስት ያን ቅዳሜ የወጣችው ቀስተ ደመና ናት።

ፎቶ አንሺው ሲተርክ እዚህ ላይ ሲደርስ እንግዳው ሁሉ ያጨበጭባል። ባለፈው እሑድ ግን ሚስቱ መርፌዋን ሳትለቅ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ያን ቀን የሌንሱን ክዳን አላነሣኸውም ነበር።»

«ታዲያ ይሄ ፎቶ?» አለ አንዱ እንግዳ።

«ከመታወቂያዬ ላይ ገንጥዬ፣ በልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮ ደብቄ ለእሱ የሰጠሁት ነው። ቀስተ ደመናዋም የመታወቂያው ማኅተም ናት። ሌላ ስቱዲዮ ነው የተነሣሁት።»

ፎቶ አንሺው ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

«እሺ፣ እሱስ ይሁን። ሺህ ጊዜ መጨፈንሽስ?»

«አሥራ አራት ጊዜ ነው» አለች። «ዓይኔ ቢገለጥልህ ኖሮ በማግስቱ ትመጣ ነበር?»